ቅቤ የጠጣ ራኬት

ራኬት የሚባለውን ነገር በእጄ የያዝኩት ስልሳን ከተሻገርኩ በኋላ ነው። ያዝኩት ስል ተጫወትኩበት ማለቴ አይደለም፤ አደራ ተቀብዬ ነው እንጂ። ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታት አንዲት የቱርክ ልጅ ነበረች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። አክስቷ በጠዋት ወደ ልብስ ስፌት ሥራዋ ስትሄድ ቤቱን ቆልፋ ያለቻቸውን አንዲት ቁልፍ ይዛ ትወጣለች፤ ልጅቷ ደግሞ ልትሮጥ ትወጣለች። ደጅ በቆመው የአክስቷ መኪና ውስጥ ዕቃ መተው በሰፈራችን የማይታሰብ ነው፤ መስታወት ሰብረው ይወስዱታል። ስለዚህ ሦስት ራኬቶቿን የያዘውን ረጅም ቦርሳ እኔ ዘንድ ታስቀምጣለች። ሮጣ ስትመለስ ፊቷን ትታጠባለች፣ የሰጠኋትን ትቀምሳለች፣ ቦርሳዋን አንግታ በፒኮ መንገድ አውቶብስ ወደ ልምምዷ ትሄዳለች።

ሥራዋ ቴኒስ መጫወት ነው። ልጄ ይህን ስትነግረኝ፣

"እሺ፣ ሥራዋስ?" አልኳት።

"ሥራዋ እኮ ነው፣ እማዬ። ፕሮፌሽናል ናት።"

"ኳስ መምታት?"

"ኳስ መምታት።"

እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ የሰው ውሻ ይዞ መዞርም ሥራ ሆኖ አይቻለሁ።

ዓመቱን ቁረጪ ብትሉኝ አልቆርጠውም። እነሱ "ኤይቲዝ" የሚሉት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ ጊዜ ነው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ገና ብቅ ብቅ እያለ ነበር። ልጄ ፓርኪንግ ውስጥ ትሠራለች፣ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ትውላለች፣ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ነኝ። ሰው የማወራው አጥቼ ከቧንቧው ጋር የማወራበት ቀን ነበር። እና ከአፓርትመንታችን ጀርባ፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ አንድ ቀን ደብ ደብ የሚል ድምፅ ሰምቼ ብወጣ ይቺ ልጅ ኳስ ከግድግዳ ጋር ታማታለች። የኋላ ደረጃው ላይ ምስር መልቀሚያዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦታዬ እዚያ ሆነ።

ኳሱ መሬት ሳይነካባት ስንት ጊዜ እንደመታች እቆጥርላት ጀመር፣ በአማርኛ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ አብራኝ ቆጠረች። መቶ ስንደርስ ራኬቷን ወደ ላይ ወርውራ "መቶ!" ትላለች። የአፓርትመንቱ ማናጀር በመስኮት ብቅ ብሎ ይቆጣል፤ እኔ አልገባኝም፣ እሷ እንዳልገባት ትሆናለች። እኔን "ቴይዜ" ትለኛለች። በእነሱ አክስት ማለት ነው አለችኝ ልጄ። አያት መባል ለምጄ ስለነበር አክስት ስባል ዕድሜዬ የቀነሰ መሰለኝ።

እንግሊዝኛ እኔ ጭራሽ የለኝም፣ እሷም ብዙ የላትም። ግን ወጥ ቤት ለወጥ ቤት ተግባባን። ጨው፣ ውኃ፣ ምስር፣ ቅቤ፣ በቃኝ፤ ይህን ሁሉ በአማርኛ ታውቃለች። "በቃኝ" የምትለውን ግን እሺ አልላትም ነበር፤ እንደዚያ እየሮጡ ምን በቃኝ አለ።

የምትጨነቅበትን ነገር የነገረችን በዚያው ሰሞን ነው፤ ልጄ እያስተረጎመች። አባቷ ወደብ ላይ የሚሠራ፣ ኢዝሚር የሚኖር ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ሁለት ዓመት ሞክሪ ብሎ ነው የላካት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ነጥብ አግኝታ ስሟ የዓለም ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ከገባ ትቀጥላለች፤ ካልገባ ወደ አገሯ ተመልሳ የተወችውን ትምህርት ትጨርሳለች። ያቺን ነጥብ ለማግኘት ከዋናው ውድድር አንድ ጨዋታ ማሸነፍ አለባት። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ እዚያ ደርሳ አራቱንም ተሸንፋለች። ሁለት ዓመቱ የሚያልቀው በዚያው ነሐሴ ነው፤ የቀረቻት ውድድር ቶራንስ ከተማ ያለችው አንዲቱ ናት።

"አንዲት ነጥብ" አልኳት፣ አንድ ጣቴን አንስቼ።

"አንዲት" አለች በአማርኛ። አልሳቀችም።

ፍልሰታን እየጾምኩ ነበር። በጾም ሰሞን እጄ ሥራ ይፈታል፤ ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። ለጾም መፍቻ ያነጠርኩት ቅቤ፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ የገባበት፣ ፍሪጅ ውስጥ በብርጭቆ ዕቃ ቁጭ ብሏል። ማጣሪያውን አልፋ የዋናው ውድድር ጨዋታዋ ነገ ሊሆን ልጅቷ ቦርሳዋን ለእኔ ትታ ሄደች። ዛሬ እጄን ላሳርፍ ብላ ነው። እኔ ደግሞ ማረፍ አልሆነልኝም። ቦርሳውን ከፈትኩና ራኬቶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ አየኋቸው።

እንግዲህ እኔ ያደግሁት የጠፍር አልጋ በሚሠራ ሰው ቤት ነው። አባቴ ገበሬ ነው፤ በክረምት ግን እንጨቱን ጠርቦ፣ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ቆርጦ፣ እርጥቡን ጠፍር ወዲህና ወዲያ እየሳበ አልጋ ይወጥር ነበር። ሲደርቅ ከበሮ ይመስላል፤ ልጅ ሆኜ እላዩ ላይ እየዘለልኩ ተገርፌበታለሁ። ጠፍሩ ሲቆይ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ያኔ የእኔ ሥራ ቅቤ ወይ ሞራ አቅልጦ ጠፍሩን ማጠጣትና ፀሐይ ላይ ማዋል ነው። ራኬቱን ሳየው ያ አልጋ ነው የታየኝ፤ የሕፃን የጠፍር አልጋ። ክሩ ከምን እንደሆነ ደግሞ ቀደም ብዬ ልጄን ጠይቄ "የላም አንጀት ነው አለችኝ" ብላኛለች። እዩት እንግዲህ። ክሩ ደርቋል፣ መሐል መሐሉ ላይ እንደ ፈትል ብን ብን ብሎ ተነስቷል። ልጅቷ ነገ የሞት ሽረት አለባት፣ የዕቃዋን መሰንጠቅ ግን ያየላት የለም አልኩ። እናቷ እዚህ የለች፣ አክስቷ ከመርፌ ጋር ትውላለች።

ቅቤውን አቀለጥኩ። ጣቴን እንዳልልስ ተጠንቅቄ በጥጥ እየነከርኩ፣ እያንዳንዷን ክር በላይም በታችም አጠጣሁ። ሦስቱንም በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታኋቸው። አመሻሹ ላይ ቅቤው ገብቶላቸው ቢጫ ሆነው ያበራሉ። በጨርቅ አባብሼ ወደ ቦርሳቸው መለስኳቸው። ልጅቷ መጥታ፣ ቦርሳውን ሳትከፍት አንግታ፣ ጉንጬን ስማ ሄደች።

በማግሥቱ በአክስቷ አሮጌ መኪና አራት ሆነን ወደ ቶራንስ ጉዞ ጀመርን። ልጄ ከሥራ ኦፍ ወስዳለች። አክስቷ ትነዳለች፣ ልጄ ከፊት፣ እኔና ልጅቷ ከኋላ፣ ቦርሳው በመሐላችን። የኋላው መስኮት አይከፈትም፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። ፍሪዌይ ላይ እንደወጣን ልጄ ዞር አለች።

"እማዬ፣ ምን ምግብ ይዘሻል?"

"ዳቦና ብርቱካን።"

"ታዲያ ቅቤ ቅቤ የሚለው ምንድነው? በፍልሰታ!"

"እሱማ ራኬቱ ነው" አልኳት ኮራ ብዬ።

"የምን ራኬቱ?"

"ክሩ ደርቆባት ነበር። ትናንት ቅቤ አጠጥቼ ፀሐይ ላይ አዋልኩላት። ብታይው እንደ አዲስ ነው።"

ልጄ ወንበሯን ይዛ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረች።

"ንጥር ቅቤ?"

"ታዲያ ያልተነጠረው ይሸት የለም እንዴ?"

"ስንቱን ቀባሽ?"

"ሦስቱንም ነዋ። አንዱን ከአንዱ ለይቼ ምን አደረገኝ?"

"ወይኔ ጉዴ! ውኃ ጠብ እንዳይልበት ብላ በላስቲክ የምትጠቀልለውን ዕቃ! ሶ አሁን ምን ልበላት?"

"እውነቱን ንገሪያታ።"

"ጨዋታ ልትገባ ነው እኮ፣ እማዬ! ብነግራት ትደነግጣለች።"

"ባትነግሪያትስ?"

"ባልነግራት ኳሱ ይነግራታል።"

ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ስታይ ቆየች። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ቦርሳው ዝቅ አደረገች።

"ቴይዜ" አለች ቀስ ብላ። "ቅቤ?"

ቃሉን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ዚፑን ከፈተች። አንዱን ራኬት አውጥታ ክሩን በአውራ ጣቷ ገፋ ስታደርገው ክሩ ተንሸራቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ከመዳፏ ጋር መታ አደረገችው፤ የሚሰጠው ድምፅ ልል ነው። ለአክስቷ በቱርክኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገረች፤ አክስቷ በድንጋጤ መሪውን ስትለቀው ከጎን ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋብን። ከዚያ ልጅቷ ራኬቱን መልሳ፣ ዚፑን ዘግታ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። ሌላ ነገር አይደለም የቀባሁት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችበትን ነው። የነጠላዬን ጫፍ ጨብጬ ቶራንስ እስክንደርስ አልለቀቅሁትም።

ሜዳው እንደደረስን እየሮጠች ራኬት ወደሚወጥሩት ሰው ሄደች። ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል፤ ክሩን በማሽን ነው የሚስቡት። አንዱን ራኬት ተቀብለው አሸተቱት። ደግመው አሸተቱት። አንድ ነገር ሲናገሩ ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"ምን አሉ?"

"ስንት ዓመት ራኬት ስሠራ፣ ራኬት አይቼ የራበኝ ዛሬ ነው አሉ።"

ለእኔ የሚያስቅ አልነበረም። ሰውዬው አዲስ ክር የሚያስገቡት ለአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጨዋታው ከጀመረ በኋላ ነው የሚደርሰው። የቀሩት ሁለቱ ላይ የሕፃን ገላ ፓውደር ነስንሰው ጠረጉላትና ሰጧት። በእነሱ ገባች።

የቴኒስ ሕግ አላውቅም። ልጄ የነገረችኝ ሁለት ዙር ያሸነፈች ታሸንፋለች ነው፤ እሱ ይበቃኛል። የገጠማት ልጅ እንደ ባሕር ዛፍ የተመዘዘች አሜሪካዊት ናት፤ እናትና አባቷ ከፊታችን ተቀምጠዋል። የእኛዋ ኳሱን ስትመታው ከመስመሩ አልፎ ይሄዳል። እንደገና ትመታዋለች፣ እንደገና ያልፋል። በየመሐሉ የተንሸራተቱትን ክሮች በጣቷ እየጎተተች ወደ ቦታቸው ትመልሳለች፤ ጣቷን በቀሚሷ ትጠርጋለች። ያቺኛዋ ልጅ ኳሱን አንስታ ስታሸት አየኋት። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈች። ስድስት ለሁለት።

ፊቴን አዞርኩ። እመቤቴን ለመንኳት፣ በጾሟ መሐል ቅቤ የነካሁባትን። ልጅቷ የእስልምና ልጅ ናት፤ ግን ጥፋቱ የእኔ የክርስቲያኗ ነው፣ ስለዚህ ስለቱም በእኔ በኩል ይሁን አልኳት። ጧፍ ተሳልኩ። ጧፉ ያነሰ ስለመሰለኝ ሌላም ጨመርኩ፤ ሁለተኛ የሰው ዕቃ ሳልጠይቅ አልነካም ብዬ። ይህን ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀረሁም፣ ልጄ "አሜን" አለች።

ያኔ ሽማግሌው በቀኝ እጃቸው ራኬት ይዘው ከች አሉ። አዲስ ክር ገብቶለታል። ልጅቷ ተቀብላ መታ ስታደርገው ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነች። ኳሱ መስመር ውስጥ እየወደቀ ነው። ሁለተኛውን ዙር ወሰደች፤ አክስቷ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ሰንበር አወጣችብኝ።

ሦስተኛው ዙር አምስት ለአምስት ሆነ። በቃ ሊያልቅ ነው ስንል አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ጧ! የሚል። አዲሱ ክር ተበጠሰ።

ሽማግሌውን አየኋቸው፤ እጃቸውን ዘረጉ። ሌላ አዲስ ክር የገባበት የለም። ልጅቷ ወደ ወንበሯ ሄዳ እኔ ቅቤ ካጠጣኋቸው ከቀሩት ሁለቱ አንዱን አነሳች። እኔ በነጠላዬ ተሸፈንኩ።

"ምን ሆነ?" አልኩ ከውስጥ።

"እየተጫወተች ነው።"

"አለፈ ኳሱ?"

"አላለፈም። እማዬ፣ ግለጪውና እዪ! አትመታውም እኮ!"

ነጠላዬን ገለጥኩ። እውነትም አትመታውም። ያ ራኬት ምን እንደሚያደርግ አንድ ዙር ሙሉ ከፍላበት አውቃዋለች። በኃይል ስትመታው የሚሄድባት ከሆነ፣ ለምን ትመታዋለች? ኳሱን መረቡን ብቻ አሻግራ ታስቀምጠዋለች፣ ልክ ሕፃን እንደምታስተኛ። ያቺ ረጅሟ ከኋላ እየተንደረደረች ትመጣለች፣ አትደርስም። ስትደርስ ደግሞ የእኛዋ ከፍ አድርጋ በአናቷ ላይ ትልክባታለች። ሮጣ ተመልሳ፣ ሮጣ መጥታ፣ የረጅሟ ፊት በርበሬ መሰለ። እኔም ሳላስበው ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ፤ ከፊታችን ያሉት እናቷ ዞረው አዩኝ።

ሰባት ለአምስት አለቀ።

ዕልል አልኩ። እዚያ ሜዳ ላይ ዕልልታ ተሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠው ዳኛ ሳይቀር በዓይኑ ፈለገኝ። ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነስቶ ሄደ።

ልጅቷ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። ላቧና ኮረሪማው አንድ ላይ ይሸታል። ልጄ ወዲያው ወሬውን ማሳመር ጀመረች፤ ያሸነፈው የእናቴ ቅቤ ነው እያለች ለአክስቷ፣ ለሽማግሌው። ልጅቷ ጣቷን አወዛወዘችና አንድ ነገር አለች።

"ምን አለች?"

"ቅቤው አንድ ዙር በላኝ፣ ሁለቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ አለች።"

"ልክ ናት" አልኩ። ልክ ናት።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ተጫውታለች። ስሟ የገባበትን ዝርዝር አምጥታ አሳይታኛለች፤ እጅግ ረጅም ነው፣ እሷ ወደ መጨረሻው ገጽ ናት፤ በየዓመቱ ግን አንድ ሁለት ገጽ ወደ ፊት ትመጣ ነበር። ትልልቆቹ ሜዳዎች ላይ ለመግባት የሚደረገውን ማጣሪያ ሦስት ጊዜ ሞክራለች። ቴሌቪዥን ላይ አልወጣችም። ከማላውቃቸው ከተሞች ፖስት ካርድ ትልክልኛለች፣ ልጄ ታነብልኛለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ኋላ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ። ጉልበቷን ሲያማት ትታው አሁን በአገሯ ልጆች ታሠለጥናለች።

ይህ ሁሉ የመጣው ግን በዚያን ቀን ከተደወለው ስልክ በኋላ ነው። ሜዳው በር ላይ የሕዝብ ስልክ ነበር። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው፣ አባቷ ዘንድ እኩለ ሌሊት አልፏል። አክስቷ አታድርጊ፣ ሲነጋ ትደውያለሽ አለቻት፤ እሷ ግን ደወለች። ገና አንዴ እንደጠራ ተነሳ። ሰውዬው ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው። ልጅቷ ተናገረች፣ ተናገረች፣ አንዳንዴ ሳቀች፤ "ቅቤ" የምትለዋን ቃልም ሰማሁ። ከዚያ ዝም ብላ ማድመጥ ጀመረች። አክስቷ ከንፈሯን ነከሰች። ምናልባት አንዲት ነጥብ ምን ታደርጋለች፣ ተመለሺ ሊላት ይሆን ብዬ እንደገና ፈራሁ።

ልጅቷ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ እኛ ዞረችና ለአክስቷ ሹክ አለቻት፤ አክስቷ ለልጄ በእንግሊዝኛ፣ ልጄ ለእኔ።

"ምን አለ አባትየው?"

"ለጥቂት ጊዜ አለቀሰ" አለችኝ ልጄ። "ከዚያ፣ ነገስ ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው? አላት።"